አንበሶን ለማን እንስጠው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ውሻ ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?» አትበሉ። ነገሩ የጤናም፣ የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

የምኖረው መንዝ ነው። አገራችን ደጋ ነው፤ ሀብታችን በግ ነው። በግ ባለበት ደግሞ ጅብ አይጠፋም። ስለዚህ ብዙ ቤት ውሻ አለ።

አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩኝ። አንበሶ የሚባል ትልቅ ውሻ ነበራቸው። ከቡችላነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስድስት ዓመት ደጃቸውን ጠበቀ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እስከ ቅጽሩ በር ይሸኛቸዋል። እስኪወጡም እዚያው ተኝቶ ይጠብቃቸዋል።

አምና ዓይናቸው ደከመ። ልጃቸው ከደብረ ብርሃን መጣችና «አባባ፣ እኔ ዘንድ ይኑሩ» አለቻቸው። የምትኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። አከራይዋ ግን «ውሻ ግቢዬ አይገባም» ብለዋል።

መንደሩ ምክር ሰጠ። አንዱ «እዚሁ ይተዉት፤ ፍርፋሪ አያጣም» አለ። ሌላው «ገበያ ወስደው ይልቀቁት» አለ። አንዱማ «መርዝ ሰጥተው ይገላገሉ» አለ።

አዛውንቱ ተቆጡ። «ስድስት ዓመት እንቅልፌን የጠበቀልኝን በመርዝ ልሸኘው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ትቶ መሄድም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። ባለቤት የሌለው ውሻ ይራባል። ሲራብ በግ ይነክሳል፤ ልጅ ይነክሳል። የሚያስከትበውም የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለአውሬም ያስተላልፋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የመጣ ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በእኛም አገር በጓሳ ይገኛል።

ስለዚህ ለአንበሶ ቤት ፍለጋ ጀመርን። መጀመሪያ አንድ እህል ነጋዴ መጣ። «ቀንም ሌሊትም መጋዘኔ በር ላይ አስረዋለሁ» አለ። አዛውንቱ «አንበሶ ሜዳ የለመደ ነው። ዘወትር የታሰረ ውሻ ይከፋል» ብለው መለሱት።

ቀጥሎ አንዲት የሁለት ልጆች እናት መጣች። ቤቷ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በክረምት ጅብ ሁለት በግ በልቶባታል። ውሻውን አየችና ወደደችው።

እኔ አዛውንቱን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። አንበሶ ካቻምና በሌሊት የመጣ ሰው ነክሶ ነበር። «አባባ፣ ያንን ነገር አይንገሯት፤ ትተወዋለች» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ልጆች አሏት። ደብቄ ብሰጣትና ልጇ ቢነከስ ምን እመልሳለሁ?» አሉኝ። ሄደውም ሁሉንም ነገሯት። በሌሊት እንግዳ እንደማይወድ ነገሯት። ሲበላ የሚነካውን እንደሚቆጣም ነገሯት።

ሴትዮዋ ዝም ብላ አሰበች። ከዚያ «አባባ፣ ክፉውን ስለነገሩኝ ደጉንም አምናለሁ። ልጆቼን አስጠነቅቃለሁ። እወስደዋለሁ» አለች። እኔ አፈርኩ።

ውሻው ወዲያው አልተሰጠም። አስቀድሞ በወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ተከተበ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ሴትዮዋም ሦስት ጊዜ እየመጣች በእጇ አበላችው። በአራተኛው ቀን ይዛው ሄደች። አዛውንቱ የሚተኛበትን አሮጌ ጆንያ ጨመሩላት። የለመደው ሽታ ያረጋጋዋል።

አሥር ቀን ያህል ጥላና ውኃ ባለበት ቦታ ታስሮ ሰነበተ። አንድ ሌሊት ግን ገመዱን በጥርሱ በጠሰ። ጠዋት ስወጣ በተዘጋው የአዛውንቱ ደጅ ተኝቶ አገኘሁት። ጌታው ከሄዱ ሳምንት ሆኗቸዋል።

አንጀቴ ተላወሰ። እንጀራ ልሰጠው ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ግን «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። እኔ ካበላሁት ነገም ይመጣል። ውኃ ብቻ ሰጠሁትና ወደ ሴትዮዋ ልጅ ላክሁ። እሷ መጥታ በእጇ አበላችው። ተከትሏት ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

አዛውንቱ ለመስቀል መጥተው ነበር። በሴትዮዋ መንደር በኩል አለፉ። ወደ ቤቷ ግን አልገቡም። «ቢያየኝ ልቡ ይከፈላል። ከሩቅ ሲጮህ ሰማሁት፤ ይበቃኛል» አሉኝ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን አትርሱ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ የተከተበ ግን ይተርፋል።

ተወያዩበት፦
1. አዛውንቱ የውሻውን ጥፋት መናገራቸው ማንን ጠቀመ?
2. ጸሐፊው አንበሶን እንጀራ የከለከለው ለምንድን ነው?
3. በመንደራችሁ ያልተከተቡ ውሾች አሉ? ምን ልታደርጉ ታስባላችሁ?