አራስ ቤት ያልደረሰው ማስታወቂያ

በመሥሪያ ቤታችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ያነበባችሁት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠዋት ልጇን አድርሳ፣ ፊርማ እንዳይነሣ ተሯሩጣ፣ በምሳ ሰዓት ለማጥባት ወደ ቤት በርራ፣ ማታ ደግሞ ሽንኩርትና ጎመን በፌስታል አንጠልጥላ የምትገባ እናት መልሱን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች። ሰሌዳው በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ መስታወቱ አቧራ ለብሷል፤ ወረቀቶቹም አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል። ከእነዚያ ወረቀቶች መካከል ግን የአንድን ቤተሰብ ኑሮ የሚለውጥ አንድ ገጽ ሊኖር ይችላል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ወደ ምዕራብ ጎጃም ለሌላ ሥራ ሄጄ ሳለሁ ያገኘኋት አንዲት እናት ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ከሆነችው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሽንዲ ስዘልቅ የበርበሬ ወቅት ነበርና በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ያስነጥሳል። እኅታችን ሽንዲ ተወልዳ ያደገች ስትሆን፣ የምትሠራው በዚያው ዞን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ውስጥ ነው። ያገኘኋትም እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። የኮሌጁን ስም አልጽፍም፤ እሷም አልፈቀደችም፣ ነገሩም የአንድ ኮሌጅ ብቻ አይደለም።

ሥራዋ መዝገብ ቤት ነው። የመምህራኑን፣ የላይብረሪ ሠራተኞቹን፣ የጥበቃዎቹን፣ የዲኑን ጭምር የግል ማህደር የምትይዘው እሷ ናት። የማን የትምህርት ማስረጃ እንደ ጎደለ፣ የማን የሥራ አፈጻጸም ውጤት እንዳልገባ ሳትገልጠው በቃሏ ትናገራለች። በቅዳሜና እሑድ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው አንድ ቀን ከመዝገብ ቤት ወጥታ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ ለመሆን አስባ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያ መደብ ክፍት እስኪሆን ጠበቀች።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የወሊድ ፈቃዷን ወስዳ፣ ለመጀመሪያ ልጅ እንደ ወጉ እናቷ ዘንድ ልትታረስ ሽንዲ ገባች። ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ደም በብዛት ፈስሷት ስለ ነበር ቤቱ ሁሉ ተጨንቆ ከረመ። የጠበቀችው መደብ በውስጥ ማስታወቂያ የወጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ወረቀቱ በሰሌዳው ላይ ለ10 የሥራ ቀናት ተለጠፈ፤ በኮሌጁ ሠራተኞች የቴሌግራም ገጽም ተላለፈ። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ሽንዲ አራስ ቤት ለተኛች ሴት ቴሌግራም ከግድግዳው ሰሌዳ የሚለይበት ነገር አልነበረም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሕፃኗን አዝላ ወደ ሥራ ስትመለስ፣ ወረቀቱ ጠርዙ ተጠቅልሎ አሁንም እዚያው ተለጥፎ አገኘችው። ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ተወዳድረው ካመለከቱት አንዱ መደቡን አግኝቶ ሥራ ጀምሯል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ቦታውን ያገኘው ሰው በደል የለበትም። ማስታወቂያ አይቶ አመለከተ፣ ተፈትኖ አለፈ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ዘንድ በጽሑፍ ያቀረበችው አቤቱታም «ውድድሩ በሥርዓቱ ተካሂዷል» ተብሎ ተመለሰላት። በዚያ ላይ ሌላ መርዶ ተጨመረ፤ በፈቃድ ላይ በነበረችበት የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ አልተሞላም ነበርና ብታመለክትም ነጥቧ ጎዶሎ ይሆን እንደ ነበረ ተነገራት። የሰው ሁሉ ማህደር ጠባቂዋ የገዛ ማህደሯ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

የደመወዙ ልዩነት የልጅ ጠባቂዋን ወርኃዊ ክፍያ ይሸፍንልኝ ነበር ትላለች።

እስከዚህ ድረስ የሰማሁት በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው ነው። ያስደነገጠኝ የሚቀጥለው ነው። ባለቤቷ በዚያው ኮሌጅ አሠልጣኝ ነው። በዚያ ሰሌዳ አጠገብ በቀን አራት ጊዜ ያልፋል። ማስታወቂያው በወጣ በሁለተኛው ቀን አንብቦታል። ሳይናገር ቀረ።

እሱንም አነጋገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ነበር የመለሰልኝ። «እኅቴ፣ ልጎዳት ብዬ አይደለም። ደም የፈሰሳት ሴት ናት፤ ብነግራት ተነሥታ ትመጣለች ብዬ ፈራሁ። መንገዱም በዚያን ጊዜ የሚያስፈራ ነበር። ሌላ ጊዜ ይወጣል፣ ጤናዋ ይቅደም አልሁ» አለኝ። ውሸት የለበትም። እናቷም ቡናውን እየቀዱ ጣልቃ ገቡና፣ «እኔስ ብሰማ ኖሮ አትነግራት ነበር የምለው። ገንፎ የምትበላ አራስ ወረቀት ምን ይሠራላታል?» አሉ። እኅታችን ግን ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ልሂድ አልሂድ ብዬ መወሰን የነበረብኝ እኔ ነኝ። ደግሞስ መሄድ ለምን ያስፈልገኝ ነበር? ማመልከቻውን እዚሁ ጽፌ በእሱ እጅ እልከው ነበር» አለች። ባልየው ይህን ሰምቶ ዝም አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ መንገድ እንደ ነበረ አንድም ቀን አልታሰበውም ነበር ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ኮሌጁ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ ብሎ ግዴታውን እንደ ተወጣ ቆጠረ፤ ባል ራርቼላታለሁ ብሎ ደበቀ፤ እናት አርሼያታለሁ ብለው ተስማሙ። ሁሉም ስለ እሷ አሰቡ፤ እሷን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ርኅራኄ መልካም ነገር ነው፤ የሌላውን ሰው ማመልከቻ መቅበር ሲጀምር ግን ስሙ ይለወጣል።

ነገሩ በእኔም ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሳለሁ የሥልጠና ዕድል ወጥቶ ኖሯል። አለቆቼም፣ የቅርብ ጓደኞቼም አልነገሩኝም። የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። አራስ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከነጠላዋ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ፣ «ማንበብ አልችልም፤ ነገር ግን ሰዎቹ ተሻምተው ሲያነቡት ስላየሁ አንቺም ይኑርሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ከሰሌዳው ገንጥላ ያመጣችው ዋናው ወረቀት ነበር! በማግሥቱ በሰው እጅ አስመለስሁት፤ ማመልከቻዬም አብሮት ሄደ።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በእኩል ክፍያም የእኩልነት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የፈቃዱ ርዝመት ግን ያደገው ቀስ በቀስ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የድኅረ ወሊዱን ወደ 90 ቀን አሳደገው። የክልል መንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በየክልላቸው አዋጅ ስለሚተዳደሩ፣ በመንግሥት ኮሌጅ የምትሠሩ እኅቶች የክልላችሁን አዋጅ ከነመመሪያው ከፐርሶኔል ጠይቃችሁ በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ።

«ፐርሶኔል» ያልሁት በልማድ ነው። በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም የገባው ቃል እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልወጣም። ክፍሉ ከዚያ ወዲህ አስተዳደር፣ የሰው ኃይል፣ የሰው ሀብት ሲባል ስሙ በየጊዜው ታድሷል፤ በሩ ላይ የሚቆመው ባለጉዳይ ግን ያው ነው።

በግል ኮሌጅ የምትሠሩ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይመለከታችኋል። እሱም 30 ቀን ቅድመ ወሊድ፣ 90 ቀን ድኅረ ወሊድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትም ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ የምትሄድበት ሰዓት ከደመወዟ አይቀነስም። የዓመት ዕረፍቱ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይታከልበታል። በዓለም ደረጃም የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድና እናቲቱ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ወይም ክፍያው እኩል ወደ ሆነ ተመሳሳይ ሥራ የመመለስ መብት እንዲኖራት ያዛል። ወንበሯ ይጠበቅላታል ማለት ነው። እሷ በሌለችበት ስለሚከፈተው የሚሻል ወንበር ማን ይንገራት የሚለው ግን ለየመሥሪያ ቤቱ ልቡና የተተወ ይመስላል።

ስለዚህ ከኮሌጆች የፐርሶኔል ኃላፊዎች አንድ ነገር እንለምናለን። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያሉ ሴቶች ስም ዝርዝር በእጃችሁ ነው። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት አራስ ሊኖር ይችላል? ሁለት? ሦስት? የዕድገት፣ የዝውውር ወይም የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ሲወጣ ለሦስት ሰው ስልክ መደወል የማይቻል ሥራ አይደለም። ስልክ እንቢ ካለም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ብር አዋጥተው፣ ሳሙናና የሕፃን ልብስ ገዝተው አራስ መጠየቃቸው አይቀርም። ከሳሙናው ጋር አንድ ቅጂ ጨምሩበት።

ልትወልድ የተቃረበች እኅትም ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት በማህደሯ ፊት ግማሽ ሰዓት ብትቀመጥ አይከፋም። የትምህርት ማስረጃዋ ገብቷል? የምትታረስበት ቤት አድራሻና የቅርብ ሰው ስልክ ተጽፏል? እስከ ፈቃዷ ድረስ የሠራችበት ጊዜ ውጤት ተሞልቶ ተፈርሟል? እኅታችንን የጎዳት ይህ የመጨረሻው ነው፤ የቅርብ አለቃዋን ከመውጣቷ በፊት «ሙላልኝ» ማለት አፍሯት ነበር። በሌለችበትም ማመልከቻ የሚያስገባላት ሰው መርጣ በጽሑፍ ትወክል፤ ያስገባችውን ደብዳቤ ቀሪ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ታስመታ። ከወለደች በኋላ ደግሞ ልደቱን ታስመዝግብ። በሕጉ መሠረት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ከድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ጋር እኩል መሆኑ ለማስታወስ ይመቻል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ቅጂ በማህደሯም በባሏም ማህደር ይግባ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ልጁ የጡረታ መብቱን የሚያስከብረው በዚያ ወረቀት ነውና። እኅታችን እንደ ነገረችኝ ከምታየው ማህደር ሁሉ በብዛት የሚጎድለው ይኸው የልጆች ማስረጃ ነው፤ በተለይም በወንዶቹ።

ባሎችን በሚመለከት ብዙ መናገር አያሻኝም። ያነበባችሁትን ንገሯቸው።

ከሽንዲ ልመለስ ስነሣ ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሞልቷት በግቢው ውስጥ ዶሮ ታባርራለች። እናትየዋ ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ፊተኞቹ ገጾች ላይ የልጅቱ ክትባት ቀኖች ተጽፈዋል፤ ስድስት ሳምንት፣ ዐሥር ሳምንት፣ ዐሥራ አራት ሳምንት፣ ዘጠኝ ወር። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ባለቤቷ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰሌዳው ላይ የሚገለብጠው ነው። ባለፈው ዓርብ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አዲስ ነገር የለም።»