«ዳቦ ይቅደም» ለሚሉን፦ የቻይናው ወተት ምን ያስተምረናል?

«መጀመሪያ ዳቦ፤ ዴሞክራሲው ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚል ክርክር አለ። አገር ቤት ሥልጣን ላይ የወጣ ሁሉ ይወደዋል፤ በውጭ ከምንኖረውም ቻይናን እየጠቀሰ የሚደግመው ጥቂት አይደለም። ለተራበ ሰው የጋዜጣ ነጻነት ምን ይጠቅመዋል? ይሉናል። መልሱን ከፖለቲካ መጽሐፍ ሳይሆን ከሕፃን ጡጦ ውስጥ እንፈልገው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በቻይና አንሁይ ክፍለ ሀገር፣ ፉያንግ አካባቢ፣ ፕሮቲን የሌለው ያህል የሆነ የዱቄት ወተት ለሕፃናት ይሸጥ ነበር። ፕሮቲን ያጣ ሕፃን ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ላየው የወፈረ ይመስላል እንጂ እያበጠ ነው። ከአሥር በላይ ሕፃናት ሞቱ። የወተት ፕሮቲን ለጨቅላ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑ በገሃድ ታየ።

ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ጉድ ግን የባሰ ነበር። የተለመደው ምርመራ ፕሮቲንን በቀጥታ አይለካም። በወተቱ ያለውን ናይትሮጅን ይለካና በ6.38 አባዝቶ «ፕሮቲኑ ይህን ያህል ነው» ይላል። አጭበርባሪዎች ይህችን ቀዳዳ አገኟት። ወተቱን በውሃ ያቀጥናሉ፤ የጎደለውን ቁጥር ለመሙላት ሜላሚን ይጨምሩበታል። ሜላሚን የፕላስቲክ ሳህን የሚሠራበት ኬሚካል ሲሆን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ምርመራው ናይትሮጅኑ ከላም ይምጣ ከፋብሪካ አይለይም። ወተቱ ፈተናውን ያልፋል፤ በሕፃኑ ኩላሊት ውስጥ ግን ሜላሚኑ ከዩሪክ አሲድ ጋር ተጣብቆ ጠጠር ይሆናል፤ ሽንት ይዘጋል፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል።

ሳንሉ የተባለው ትልቁ የዱቄት ወተት ኩባንያ ከዲሴምበር 2007 ጀምሮ አቤቱታ ይደርሰው ነበር። ኦገስት 2 ቀን 2008 መሪዎቹ ጉዳዩን ያውቁ ነበር፤ የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ኩባንያው ለከተማው አስተዳደር ባመለከተበት ደብዳቤ ጋዜጦቹ እንዲያዙለት ለመነ። አስተዳደሩም ወሬውን ወደ በላይ ሳያደርስ ከአንድ ወር በላይ ያዘው። ሳውዘርን ዊኬንድ የተባለው ጋዜጣ ባልደረቦች የታመሙትን ሕፃናት ነገር በጁላይ ደርሰውበት ነበር፤ ግን በበዓሉ ዋዜማ ማተም አልቻሉም። በኩባንያው 43 በመቶ ድርሻ የነበረው የኒውዚላንዱ ፎንቴራም ለሳምንታት ለሕዝብ ሳይናገር ቆየ። በመጨረሻ የኒውዚላንድ መንግሥት በቀጥታ ለቤይጂንግ አሳወቀ፤ ሴፕቴምበር 11 ነገሩ አደባባይ ወጣ። እስከዚያ ድረስ እናቶች ያንኑ ወተት እየበጠበጡ ያጠቡ ነበር።

ውጤቱ? ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ ታመሙ። የኩባንያው ሊቀመንበር ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፤ ሁለት ሰዎች በ2009 በሞት ተቀጡ። ፍትሕ ተደረገ እንበል? እንግዲያው ይህንንም እንስማ። ልጁ የታመመበት ጃዎ ሊያንሃይ የተጎጂ ወላጆችን በማሰባሰቡ በ2010 የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተበየነበት። መርዙን የቀላቀለውም፣ ልጄ ተመረዘ ያለውም በዚያው አገር ፍርድ ቤት ወንጀለኛ ተባሉ!

«ማጭበርበር በምዕራቡስ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ። በጃንዋሪ 2013 በአውሮፓ የበሬ ተብሎ በሚሸጥ ሥጋ ውስጥ የፈረስ ሥጋ ተገኘ። ነገር ግን ያጋለጠው የአየርላንድ መንግሥት የራሱ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጋዜጦቹም ተቀባብለው አራገቡት። ልዩነቱ ሌባ በመኖሩና ባለመኖሩ አይደለም፤ «ሌባ!» ብሎ የሚጮኸው ሰው በሰላም ቤቱ በማደሩ ላይ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2015 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያለበት ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ሁሉም አፍላቶክሲን ተገኘባቸው፤ ከአውሮፓ ወሰን በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ይህ መርዝ ሻጋታ ከነካው መኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ፣ በላሚቱ በኩል ወደ ወተቱ የሚያልፍ ነው። ይህን ያወቅነው የለኩ ሰዎች ያገኙትን ስለተናገሩ ብቻ ነው። ባይናገሩስ ኖሮ?

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል ያገራችን ሰው። ሕዝብ ዝም በተባለበት አገር ግን ሜላሚን በጡጦ ይገባል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቁጥር እየደረደረ «ዳቦውን ብቻ ተመልከቱ» የሚለን ሲመጣ፣ የትኛውም ባንዲራ ሥር ይቁም፣ ሁለት ነገር እንጠይቀው። ማን ለካው? ልኬቱ ሐሰት ነው ያለ ሰውስ ዛሬ የት ነው ያለው? የሳንሉ ወተትም ቁጥሩ ሙሉ ነበር።

ቸር ያሰማን።