የመዘዞ ድንጋይና የልጆቻችን ትምህርት

መዘዞ የሚኖሩ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ልጄ ኬሚስትሪ መማር እፈልጋለሁ ትላለች። እስቲ በእኛ አገር ይህ ትምህርት ምን ይሠራላታል? ትታው ሌላ ትማር እንዴ?» መልሱን ከራሳቸው ቀዬ ብንጀምር ይሻላል።

የመዘዞ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በውጭ ገበያ የታወቀ የከበረ ድንጋይ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ተፈልፍሎ ሲወጣ ድቡልቡል ነው፤ ሲከፈት ግን በቡናማው ላይ ቀይና አረንጓዴ ያንጸባርቃል። ይህ ቀለም ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የአገራቸውን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ እኩል መጠን ያላቸው የሲሊካ ኳሶች በሥርዓት ተደርድረው አገኙ። ብርሃኑን በየቀለሙ የሚለየው ይህ ድርድር ነው።

ሰውም ይህን ሥርዓት በእጁ ሠርቷል። ኖርዌያዊው ኬሚስት ጆን ኡግልስታድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እኩል መጠን ያላቸው የፖሊመር፣ ማለትም የፕላስቲክ፣ ኳሶችን ሠሩ። በኋላም የብረት ኦክሳይድ ተጨምሮባቸው በማግኔት የሚሳቡ ሆኑ። ሐኪሞችም የካንሰር ሴሎችን ከመቅኔ ለይተው ለማውጣት ተጠቀሙባቸው።

ዛሬ ደግሞ በእነዚህ ኳሶች ላይ ወርቅ፣ ብር ወይም ፓላዲየም ይጫናል። ለምን ቢሉ፣ ብረት ሲደቅ ገጹ ይበዛል። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 10 ናኖሜትር እስኪሆን ቢቆራረጥ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።) ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ይህ ገጽ ነው።

ችግሩ እንዲህ የደቀቀ ብረት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በማጥለያም አይያዝም። ውዱ ብረት ይባክናል፤ ውሃውም ይበከላል። መላው ይህ ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ጨው በውሃ ይሟሟና አሞንያ ይጨመርበታል፤ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር ዱቄት ይዘቅጣል። ዱቄቱን ፖሊመር ያለብሱታል። ልብሱ ማግኔታይቱን ከአሲድ ይጠብቃል፤ የሚጫነውንም ብረት አጥብቆ ይይዛል። ቀጥሎ በፓላዲየም ጨው ውስጥ ተነክሮ በሌላ ኬሚካል ሲታከም፣ የፓላዲየም ቅንጣቶች በላዩ ላይ ይወጣሉ። ሥራው ሲያበቃ ማግኔት ከብርጭቆው ጎን ይጠጋል፤ ዱቄቱ ወደዚያው ይሰበሰባል፤ ፈሳሹ ይገለበጣል፤ ዱቄቱም ዳግመኛ ይሠራል።

ይህን በቤት መሞከር አደገኛ ነው። ነገር ግን ለልጆቻችሁ የሚሆን ቀላል ሙከራ አለ። ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ዝናብ ጠርጎ ባከማቸው ጥቁር አሸዋ ውስጥ አንሸራሽሩት። የሚጣበቀው ጥቁር ብናኝ በአብዛኛው ያው ማግኔታይት ነው። ማግኔቱን ከፌስታሉ ስታወጡት ብናኙ ይረግፋል።

እንግዲህ ወንድማችን፣ የመዘዞ ኦፓል አንድ ነውር እንዳለበት ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወገል ጤናው የወሎ ኦፓል ሲገኝ ገበያው ወደዚያ ያደላበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ድንጋይ ለምን ይሰነጠቃል፣ ምንስ ቢደረግለት ይጸናል ብሎ የሚጠይቀው ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። ድንጋዩ ተቆፍሮ ያልቃል፤ የልጅዎ እውቀት ግን አያልቅም። ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፤ አይከልክሏት።