ጽሑፋችን ከመኪና ወደ መኪና ይሻገር

አንድ የአማርኛ የቴክኒክ ጽሑፍ፣ የውሃ ፓምፕ መጠገኛም ይሁን የመድኃኒት አሰጣጥ መመሪያ፣ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ጊዜ ሊታረም፣ ሊሰፋና ሊታተም ይገባዋል። በአገራችን ግን ሁለተኛ እትም በተፈለገ ቁጥር ከወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ የሚተየበው መጽሐፍ ጥቂት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን የድኅነታችን ዕዳ አድርጎ ይቈጥረዋል። በኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ የአሠራር ነው፤ የአሠራር ጥፋት ደግሞ ሊታረም ይችላል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፣ ፊደል ለቃሚው የእጅ ጽሑፉን እያየ የእርሳስ ፊደል ይደረድር ነበር። ሥራው አድካሚ ቢሆንም፣ የእጅ ጽሑፉንም የታተመውንም ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያነበው ነበር። ቀጥሎ የመጣው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ስላነሰው ፊደሉን ከግንድና ከቅጥያ እየገጣጠመ ውበቱን ቢቀንስበትም፣ በወረቀቱ ላይ ያረፈው «ሀ» ምን ጊዜም «ሀ» ነበር።

በኮምፒዩተር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው የፊደልን ቅርጽ ሳይሆን ቁጥርን ነው። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ለላቲን ፊደል በተዘጋጀ የ256 ቦታ ሠንጠረዥ ላይ ፊደላችንን አሰፈሩት። የኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ስለሚበልጥ በዚያ ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ቀጣጠለው፤ ሁሉም በየፈቀደው ቦታ አኖረው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት አይነበብም፤ ሁለቱም በሌሉበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል።

እነዚያን ፕሮግራሞች የሠሩትን ወገኖች አንወቅስም። የጋራ ስምምነት ባልነበረበት ጊዜ አማርኛን በኮምፒዩተር ያስጻፉ እነርሱ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ «ሀ» በአራዳም በቶኪዮም አንድ ቁጥር ሆነ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ንያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ይዞ መጣ። ፓወር ግዕዝም ራሱ በኋለኞቹ እትሞቹ በዩኒኮድ ያስጽፋል። እንግዲህ «ጸሐፊው የለመደውን ቁልፍ አይተውም» የሚለው ምክንያት አያዋጣም፤ የለመደው ቁልፍ ሳይለወጥ ከበስተኋላው የሚቀመጠው ቁጥር ሊለወጥ ይችላልና።

የቀረን የቆየውን ጽሑፍ ማሻገር ነው። ይህም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በድሮው ፋይል ውስጥ አማርኛውና እንግሊዝኛው የሚጋሩት ያንኑ ቁጥር ስለ ሆነ፣ ለይቶ የሚያሳውቀው ፎንቱ ብቻ ነው። አንድ ሰው ጽሑፉን ፎንቱን ጥሎ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከገለበጠው፣ የቱ «በ» እንደ ሆነ፣ የቱ በላቲን የተጻፈ የመለኪያ ምልክት እንደ ሆነ የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት በተጻፈበት ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ፣ በየፎንቱ ተለይቶ ነው።

ሌላው እንቅፋት የገጽ አቀማመጥ ነው። ርእሱ በደማቅ ቀለም ብቻ ከተለየ፣ ሠንጠረዡም ክፍት ቦታ እየተመታ ከተሰለፈ፣ ጽሑፉ ከዎርድ ወደ ፔጅ ሜከር ወይም ወደ ኢንዲዛይን ሲገባ ርእስነቱ ይጠፋል፤ የአንዱ ረድፍ ቁጥር በሌላው ሥር ይገባል። ርእሱ በፕሮግራሙ «ርእስ» ተብሎ ቢመዘገብ፣ ሠንጠረዡም በእውነተኛ ሠንጠረዥ ቢሠራ ግን ተሸካሚው ቢለዋወጥም ጭነቱ አይፈርስም።

«ወረቀቱ አለ አይደለም ወይ? ፒዲኤፉስ?» የሚሉን አሉ። በድሮ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ቃል ሲፈልጉበት አይገኝም፣ ሲገለብጡት ድብልቅልቅ ይሆናል። ከወረቀት እንደገና መተየብም አደጋ አለው። በልብ ወለድ አንድ ፊደል ቢሳሳት አንባቢ ያቃናዋል፤ በመድኃኒት መመሪያ ላይ 0.5 የነበረው 5 ቢሆን ማን ያቃናዋል?

ጊዜውም አይጠብቀንም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሱቁም ነዋሪውም ወደየአቅጣጫው ሄደ። ሱቅ ሲነሣ መደርደሪያው ይጫናል፤ በአሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን የደንበኛ ፋይል ግን ማን ያስታውሰዋል? የድሮዎቹን ፎንቶች በስም የሚያውቁት ጸሐፊዎችም አንድ በአንድ ሥራ እየለወጡ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በአማርኛ የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ እንዲጻፍና ከፒዲኤፉ ጋር ሊታረም የሚችለው ፋይል እንዲረከቡ የትምህርት ክፍሎችን ያሳስብ። ሁለተኛ፣ በመጪው ክረምት የኮምፒዩተር ሳይንስና የአማርኛ ተማሪዎች ተጣምረው የጤናና የእርሻ መመሪያዎችን ከድሮ ፎንት የሚያሻግሩበት ዘመቻ ያዘጋጅ፤ የመጀመሪያዎቹ ይለውጡ፣ ሁለተኞቹ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ራሱ ማናቸውንም ነገር ሲያሳትም ከታተመው ቅጂ ጋር ዋናውን ፋይል ከማተሚያ ቤቱ ይረከብ።

ለዚህ ሁሉ የውጭ አገር ባለሙያ ወይም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ፈቃድና የአንድ ክረምት ትጋት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ፋይሉ ሳይጠፋ የሚያውቁትም ሰዎች ሳይበተኑ እንነሣ።