በእንቅርት ላይ ጭንቀት ሲታከል

ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። የታይሮይድ ሆርሞን አንሷቸው የሚታከሙ ብዙ ሰዎች ይህን ተረት በራሳቸው ላይ ያዩታል። ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና የክብደት መጨመሩ ሳያንስ፣ እንቅልፍ የሚነሳና ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃት ይታከልባቸዋል። ያን ጊዜ «ይህ የእጢው ነው ወይስ የአእምሮ?» ብለው ይጠይቃሉ። በእኔ እምነት ጥያቄው ራሱ ያሳስታል። የሚሻለው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሳይሆን አስቀድሞ መመርመር፣ ከዚያም ሁለቱንም ማከም ነው።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት የሚገኝ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ትንሽ እጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴና የአንጎልን ሥራ ፍጥነት ይወስናል። እንቅርት የምንለው የዚህን እጢ ማበጥ ነው። ይሁንና እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞን አነሰው ማለት አይደለም፤ ሆርሞን ያነሰው ሁሉም አንገቱ አያብጥም። የሆርሞን ማነስ መንስኤ የአዮዲን እጥረት፣ የሰውነት መከላከያ እጢውን ማጥቃቱ ወይም እጢው በቀዶ ሕክምና መውጣቱ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው የመጀመሪያውን ለመከላከል ነው። እጢው በሙሉ የወጣለት ሰው ግን ጨው አይበቃውም፤ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ክኒን ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት።

ጭንቀቱ ከየት ይመጣል? መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። ሆርሞን ሲያንስ አንጎልም ስለሚጎዳ ድብርትና ጭንቀት ሊከተሉ ይችላሉ። በተቃራኒው የክኒኑ መጠን ከሚፈለገው በላይ ከሆነ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ይህ ስሜት ከጭንቀት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ጭንቀቱ ከእጢው ጋር ሳይገናኝ በራሱ የመጣ ሕመም መሆኑ ነው። የኑሮ ውጣ ውረድ፣ ሐዘን ወይም የደም ማነስም ሊኖር ይችላል። እነዚህን በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ልብዎ በመታ ቁጥር ክኒኑን መተው፣ ድካም በተሰማዎት ቁጥርም ግማሽ መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

የሚለየው የደም ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቲኤስኤች የሚባለው ምርመራ የሚለካው የታይሮይድን ሆርሞን ሳይሆን፣ በአንጎል ሥር የምትገኝ ሌላ እጢ ታይሮይድን «ሥራ» ብላ የምትልከውን ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም ትእዛዙ ስለሚበረታ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ክኒኑ ሲበዛ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል። ውጤቱ ከፍ ማለቱን አይተው «ሆርሞኔ በዛ» በሚል ክኒኑን የሚቀንሱ ሰዎች ራሳቸውን ይጎዳሉ። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ትክክለኛው ውጤት የሚታየው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሳምንቱ ለውጥ ካላየሁ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል፣ እየወሰዱ ከሆነ ከመመርመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ክኒኑ የሚጠቅመው በአግባቡ ሲወሰድ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ መዋጥ አለበት። እኛ ዘንድ ትልቁ ፈተና ቡና ነው። ክኒኑን ውጦ ወዲያው አቦሉን መጠጣት መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። ቡናው ይቅር አልልም፤ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሱት። የብረትና የካልሲየም ክኒኖችም ቢያንስ 4 ሰዓት ይራራቁ። ይህ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች አስፈላጊ ነው፤ በእርግዝና ወቅት የሚያስፈልገው መጠን ስለሚጨምር እርግዝናው እንደታወቀ ለሐኪም መንገር ይገባል። በጾም ወራት ጠዋት ውኃ የማይቀምሱ ሰዎች መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ ከሐኪም ጋር ተመካክረው ሰዓቱን ወደ መኝታ ጊዜ፣ ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ 3 ሰዓት በኋላ ማዛወር ይችላሉ። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ክኒኑን የሚተውበት ምክንያት የለም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

መጠኑ ተስተካክሎ፣ ውጤቱ ደህና ሆኖ ጭንቀቱ ካልለቀቀስ? ያኔ ጭንቀቱን ራሱን እንደ ሕመም ማከም ነው። ክኒኑን በመጨመር ጭንቀትን ማባረር አይቻልም፤ ትርፉ በተለይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የልብ ምት መዛባትና የአጥንት መሳሳት ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ ተቀምጠው በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ በቀስታ ያውጡ፤ ለ5 ደቂቃ ይደጋግሙት። የልብዎን ምት በየደቂቃው አይቁጠሩ፤ ፍርሃቱን ያብሰዋል እንጂ አያበርደውም። በየቀኑ በእግር ይሂዱ፣ የመኝታ ሰዓትዎን አያዛቡ። ጭንቀት የሚያስቸግርዎ ከሆነ ከሦስተኛው ስኒ በፊት ይነሱ፤ ጫትን ደግሞ ጨርሶ ቢርቁት ይሻላል። ይህ ካልበቃ የንግግር ሕክምና አለ፤ ሲያስፈልግም የጭንቀት መድኃኒት ይታዘዛል። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን አማኑኤልን ብቻ እናስባለን፤ ዛሬ ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ይሰጣል። ወደዚያ መሄድ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። «ውጤትዎ ጥሩ ነው፣ አይጨነቁ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም። ቁጥሩ መስተካከሉ እጢው መታከሙን ይናገራል እንጂ ሰውየው መተኛቱን አይናገርም። ለታይሮይድ ክትትል የመጣን ሰው ስለ እንቅልፉና ስለ ፍርሃቱ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቤተሰብም «ሐሳብ አታብዛ» ከማለት ይልቅ ክኒኑን በሰዓቱ ቢያስታውስ፣ ለምርመራ አብሮ ቢሄድ ይበልጥ ይጠቅማል። በጭንቀት የተያዘ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚናገረው ይጠፋዋልና።

ቀጣዩ ቀጠሮዎ ከመድረሱ በፊት በትንሽ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ክኒኑን የዋጡበትን ሰዓት፣ ቡና የጠጡበትን ሰዓት፣ ፍርሃቱ የመጣበትን ሰዓት። ይህ ወረቀት ሐኪሙ ጭንቀቱ ከየትኛው መንገድ እንደመጣ እንዲያውቅ ይረዳዋል። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የተዘበራረቀ ፈጣን የልብ ምት ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም እንዲሁ ነው፤ ለሚያምኑት ሰው ተናግረው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። ጆሮ ደግፉም እንቅርቱም ለየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ አንዱ ሌላውን እስኪሸፍነው መጠበቅ አይገባም።