ምንጭን መጥቀስ የክብር ዕዳ ነው

ርእሰ አንቀጽ

በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በቤተ መጻሕፍቱም በመኝታ ክፍሉም አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ ይኸውም «ዋቢውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ ለማስረከብ አንድ ሌሊት ሲቀር ነው። ይህም ምንጭን መጥቀስ ከሥራው በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ ተደርጎ እንደሚታይ ያመለክታል። እኛ ግን ነገሩ የጌጥ ሳይሆን የዕዳ ጉዳይ ነው ብለን ስለምናምን በዚህ እትም ልናነሣው ወደድን።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የሌላውን ሐሳብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በተዋሱት ወርቅ እንደ መኩራት ነው፤ ባለቤቱ የመጣ ዕለት አንገት ያስደፋል። ሆኖም ጉዳቱ በወሳጁ ላይ ብቻ አይቀርም። ምንጩ ያልተነገረ ቃል እውነት ይሁን ሐሰት መርምሮ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ መንገዱ ይዘጋበታል። ዕውቀት ከወሬ የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ወሬ «አሉ» ብሎ ያልፋል፣ ዕውቀት ግን ማን፣ መቼና የት እንዳለው ይናገራል።

ይህ ልማድ ከውጭ የመጣብን ባዕድ ሥርዓት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ የቅኔ ወይም የመጻሕፍት መምህር ትምህርቱን ከማን እንደ ተቀበለ ይጠየቃል፤ የመምህሩን ስም መጥራትም ለዕውቀቱ ምስክር ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍም እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ባሳተመ ጊዜ፣ በሮም የተዋወቃቸውንና እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ያስረዱትን ኢትዮጵያዊ ካህን የአባ ጎርጎርዮስን ስም አልደበቀም። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 በባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ፤ ስማቸው ግን ሉዶልፍ ስለ መሰከረላቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። ዛሬም በየገጠሩ እየዞርን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ቃል የምንሰበስብ ተማሪዎች፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ስማቸውንና የተነጋገርንበትን ቀን ብንጽፍ ዕዳችንን እንከፍላለን።

የእኛ አገር ስም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የውጭ አገር መመሪያዎች ደራሲን በቤተሰቡ ስም እንድንጠራ ያዛሉ። ኢትዮጵያዊ ግን በልማዱ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ የጻፉትን «ዘውዴ» ብሎ የሚጠቅስ ተማሪ መጽሐፉን ለአባታቸው ሰጠ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጾች የወጣው፣ በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። በሐምቡርግ የተቻለው ነገር በእኛ ግቢ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

የዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው። የዶጋሊ ጦርነት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ የአድዋ ድል ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ከፈረንጅ መጽሐፍ፣ ሁለተኛውን ከአማርኛ መጽሐፍ ወስዶ ሁለቱን ቍጥሮች ያለ ምልክት ቢያስቀምጣቸው፣ በመካከላቸው ያሉት 9 ዓመታት አንድ ዓመት ይሆናሉ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ጥቂት ፊደል ነው፤ መተዉ ግን ታሪክን ያዛባል።

ወደ ኢንተርኔት ስንመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የታተመ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አይለወጥም፤ ደራሲውን፣ ርእሱን፣ ያሳተመውን፣ ዓመቱንና ገጹን መጻፍ ይበቃል። ድረ ገጽ ግን ዛሬ ታይቶ ነገ ሊታረም ወይም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከአድራሻው ጋር ጽሑፉ የወጣበትንና እኛ ያየንበትን ቀን እንጻፍ። የምርምር መጽሔቶች ለጽሑፎቻቸው በ10 የሚጀምር ዲ.ኦ.አይ. የተባለ ቋሚ ቍጥር ይሰጣሉ፤ አድራሻው ቢለወጥም ቍጥሩ ወደ ጽሑፉ እንዲመራ የተዘጋጀ ነውና እርሱን እናስቀድም። ቍጥር የሌለውን ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት በሆነው በዌይባክ ማሽን ማስቀመጥ ይቻላል። «ከጎግል የተገኘ» ብሎ መጻፍ ግን «ከቤተ መጻሕፍት የተገኘ» እንደ ማለት ነው፤ የትኛው መጽሐፍ እንደ ሆነ አይናገርም።

ከሁሉ የከፋው የሌለን ምንጭ መጥቀስ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት ፕሮግራሞች ዋቢ ሲጠየቁ ደራሲ፣ ርእስና ዓመት ያሟላ፣ ነገር ግን ፈጽሞ ያልተጻፈ ጽሑፍ ሊፈጥሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች በቻትጂፒቲ የተፈጠሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቅሰው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ በገንዘብ ከተቀጣ ተማሪ በዲግሪው ሊቀጣ ነው። በዓይናችን ያላነበብነውን አንጥቀስ።

ይህን ሁሉ በተማሪው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የተከበሩ መምህሮቻችን የሚያድሉን የትምህርት ማስታወሻ ራሱ ምንጩን ሳይጠቅስ ሲቀር፣ እኛ ከየት እንማር? አንዱ ክፍል የሚያርመውን ሌላው ክፍል ሲያስተምረው፣ ማንን እንስማ? ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሁሉም የትምህርት ክፍሎች ተስማምተው ስለ ኢትዮጵያውያን ስምና ስለ ዘመን አቈጣጠር በግልጽ የሚናገር የአንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ ያውጡልን። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በመጨረሻው ዓመት ሳይሆን ገና በመጀመሪያው መንፈቅ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ መምህራን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት ዋቢዎችን መርጠው በእርግጥ መኖራቸውን ይመርምሩ፤ እንደሚመረመር ያወቀ ተማሪ ይጠነቀቃል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ የእናንተ ጽሑፍ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ያን ጊዜ ስማችሁ በትክክል እንዲጠራ የምትሹ ከሆነ፣ ዛሬ የሌላውን ስም በትክክል ጥሩ።