እግር ማጠብ ለጸሎተ ሐሙስ ብቻ አይደለም



በጸሎተ ሐሙስ ልጆቻችንንና የልጅ ልጆቻችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የሚያዩት ነገር አለ። ካህኑ ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ልጅ ጠያቂ ነውና «ለምን ያጥቧቸዋል?» ይላል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እንነግረዋለን፤ ይገባዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል። «እኛስ የማንን እግር እናጥባለን?»

የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ጥያቄ ላይ ይሁን።

በእኛ በጎጃም ለመሸበት እንግዳ ከምግቡ አስቀድሞ የሚቀርብለት ለብ ያለ ውኃ ነበር። የቤቱ ልጅ ወይም ምራቲቱ ገበቴውን ታቀርብና የእንግዳውን እግር አጥባ፣ ስማ ትነሣለች። እንግዳውም ይመርቃታል። ዛሬ መኪናውም ጫማውም በርክቶ ልማዱ ቢሳሳም በገጠሩ ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ እግር ማጠብን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከእናቶቻችንም ተምረነዋል። ይሁንና በዚሁ በእኛ አገር ገበቴ የማይቀርብለት እግር አለ። የዝሆኔ ሕመምተኛ እግር ነው።

ብዙ ዓመት በነርስነት ሳገለግል ከሁሉ ይልቅ የተደበቀ ሕመም ይኼ ነበር። ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ወንዶች እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሌላው ተራውን ጨርሶ እስኪወጣ ጠብቀው ይገቡ ነበር። ደምበጫ ላይ ይህ ጥቂት ሰው ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተዞሮ የተሠራ ነበር። ከ17 ሺህ በላይ ቤተሰብ ታይቶ 1,704 ሕመምተኞች ተገኙ። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል 3.3 በመቶ ማለት ነው። በግርድፉ ሠላሳ ጎልማሶች በተቀመጡበት ማኅበር አንዱ ዝሆኔ አለበት ማለት ነው። ያ ሰው ማኅበሩ ውስጥ ከሌለ፣ የት እንደ ቀረ ልንጠይቅ ይገባል።

መንሥኤው ምንድን ነው? እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ እባብ የሄደበትን ረግጦ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመት አጥንተው የደረሱበት ከዚህ የተለየ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ከአፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ደቃቃው የአፈር ብናኝ በእግሩ ቆዳ እየገባ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የውስጥ ቱቦዎች ይጎዳቸዋል። እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ ይሰነጠቃል። በቆላው አገር በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ ሌላ የእግር እብጠት አለ። የእኛው የደጋና የወይና ደጋው ግን ትንኝም ትልም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በአንድ ገበቴ በመታጠብ አይያዝም። በመላ አገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። አብዛኛው ገበሬ ነው፤ እኛ የምንበላውን ጤፍና በቆሎ ያመረተ እግር ነው የታመመው።

አሁን ደግሞ ሕመምተኛው በየቀኑ የሚገጥመውን እንመልከት። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ጫማ ይወለቃል። ለእኛ ይህ አክብሮት ነው፤ ለእሱ ግን የደበቀውን ለሕዝብ ማሳየት ይሆንበታል። ስለዚህ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል። ሰንበቴ ላይ ጠላው ሲዞር ጽዋው እሱ ዘንድ ሲደርስ አንዱ «ለእሱ በሌላ ቅዱለት» ይላል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትጥላለች። የእሱ ልጅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሌሎች ልጆች ከአንድ ዴስክ አብረዋት አይቀመጡም። እነዚያ ልጆች ይህን ከማን ተማሩት? ከአስተማሪ አይደለም። እኛ ነጠላችንን ስናነሣ አይተው ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴ መጡ። ቡናው ሁለተኛው ላይ እስኪደርስ ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ዋጋ ሲያወሩ ቆይተው በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝማ እታለም፣ የልጅ ልጄ አንዲት ልጅ ወዷል። ልጅቷ ደኅና ናት፤ እናቷ ግን እግሯን ያማታል። ዘሩ ውስጥ አለ ይላሉ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። እናንተም ተመሳሳይ ጥያቄ ሊመጣባችሁ ስለሚችል እዚህ ልድገመው። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ለዚህ አፈር በቀላሉ የሚሸነፍ ተፈጥሮ ከወላጅ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ ይህን የዘረ መል ጥናት አረጋግጧል። ለዚህ ነው በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚታመመው። ነገር ግን ያ ተፈጥሮ ብቻውን ማንንም አያሳምምም። አፈሩ ያስፈልገዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ፣ እናቱም አያቱም ሕመምተኛ ቢሆኑ አይያዝም። «ስለዚህ እናቴ፣ የሚያስፈራዎት ዘር ከሆነ መድኃኒቱ ጫማ ነው። ልጅቷን መከልከል መድኃኒት አይደለም» አልኳቸው።

ዝም ብለው ስኒያቸውን ሲያዩ ቆዩና «እናቷ ቤት ሄጄ ብበላስ?» አሉ። «ይብሉ» አልኳቸው።

ሄዱ፤ በሉም። ኋላ እንደ ነገሩኝ የልጅቱ እናት የቀረበው ሁሉ እስኪያልቅ ከመደቡ አልተነሣችም፤ እግሯን እንዳያዩባት ነበር። እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ውኃ አስታጠቡ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉም ሆነ። አንድ የልጁ አጎት እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ ከሠርጉም ቀሩ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። የአንዲት አያት ከአንድ ማዕድ መብላት ግን ለሁለት ቤተሰብ መንገድ ከፈተ።

ክርስቲያናዊ ደግነት ስንል ብዙ ጊዜ የሚታየን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ምጽዋት መልካም ነው፤ አይቅር። ግን ሳንቲም ከሩቅ ሆኖ መወርወርም ይቻላል። አብሮ መቀመጥ ከሩቅ አይቻልም። ለዝሆኔ ሕመምተኛ ደግሞ ደግነቱና ሕክምናው አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ሕክምናው በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ጤና ባለሙያ ባሳየው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ቀን ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ቀላል ይመስላል። ይሠራልም። በጎረቤታችን በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ትኩሳትና ሕመም እየነሣባቸው የሚወድቁበት ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያ ሕመም የተነሣበት ሰው ለቀናት ከአልጋ አይወርድም፤ ያውም በእርሻና በአጨዳ ወቅት።

ታዲያ ውኃውን ማን ይቅዳላት? ምንጩ ቁልቁለት፣ ቤቷ ዳገት የሆነባት፣ እግሯ ያበጠ እናት ጀሪካን ተሸክማ ልትወጣ አትችልም። እዚህ ላይ ነው የልጆቻችን ተራ። ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ጀሪካን ውኃ ለጎረቤት ማድረስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚከብድ አይደለም። ልጁን ስትልኩት «ለሕመምተኛዋ አድርስ» አትበሉት። በስሟ ጥሩላት፤ «ለእትዬ እገሊት» በሉት። አድርሶ ሲመለስ «ቆሎ ሰጡህ? በላህላቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከእጇ ተቀብሎ መብላቱ ከወሰደላት ውኃ አያንስም።

በቤታችን ውስጥ ደግሞ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። የልጅ ልጆቻችን ለበዓል አዲስ ጫማ ይገዛላቸዋል። ከብቱን የሚጠብቀው ልጅ፣ ከገጠር መጥታ ቤት የምትሠራው ልጅስ? ደምበጫ ገበያ ላይ በቀይ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግራቸው የማያቸው ልጆች አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚያድጉ ናቸው። የዛሬ ሃያ ዓመት የሚያብጠው እግር ዛሬ ጭቃ የሚረግጠው ነው። ኮንጎ ጫማም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ ማታ ግን ይወለቅ፣ እግሩም ይታጠብ፤ ጭቃ የገባበት ጫማ ብቻውን አያድንም። ለራሳችን ልጅ ስንገዛ ለዚያም ልጅ በልኩ እንግዛ። ያደገና የጠበበ ማውረስ ሳይሆን በልኩ የሚሆን።

ሕመምተኛው ያለው በራሳችሁ ቤት ከሆነ አትደብቁት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እግሩን መጀመሪያ የሚያጥብለት ከቤተሰቡ አንዱ ይሁን፤ ቢቻል ሌሎቹ እያዩ። ብዙ ሕመምተኞች ለዓመታት እግራቸውን የነካ የሌላ ሰው እጅ አላዩም። አንድ አባት የልጃቸው ልጅ ሳሙና ይዞ ፊታቸው ሲንበረከክ «ተው፣ ትቆሽሻለህ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ልጁ አልተወም። ጨርሶ ሲነሣ የመረቁት ምርቃት ረጅም ነበር።

ልጆቻችሁ በሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ሲያዩና ጥያቄ ሲያነሡ ዝም አታሰኟቸው። «እግራቸውን አፈር ጎድቷቸው ነው፤ አይተላለፍም፤ ሰላም በላቸው» በሏቸው። ከዚያም ፈጥናችሁ አትለፉ። ቆማችሁ እጅ ጨብጡ፤ እንደ አገራችን ደንብ ትከሻ ለትከሻ ሳሙ። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ያያል፤ ለነገ የሚይዘውም ያየውን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑልኝ።